ያ 15 ትርፍ የት ገባ? ያረጀ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ ስለመሸጥ

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ አንድ ያረጀ ቤት አይተናል። ገዝተን፣ አድሰን፣ መልሰን ልንሸጠው ነው ሐሳባችን። ደላላው ‹ታድሶ በዚህ ዋጋ ይሸጣል› ያለንን 100 ብንለው፣ ባለቤቱ 70 ይጠይቃል። አንድ ግንበኛ አይቶት እድሳቱ 15 ይፈጃል ብሎናል። ስለዚህ 15 ትርፍ ይታየናል። የመግዣውን ግማሽ እንበደራለን። አንዱ ግድግዳ ላይ ስንጥቅና እርጥበት አለ፤ ግንበኛው ግን ‹በልስን ይሸፈናል› አለን። እንግዛው? ከገዛንስ ገንዘባችንን ምኑ ላይ ብናውለው ይሻላል?»

ምላሽ፦

በ70 አትግዙት። ቤቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ አላየሁትም። ግን በሰጣችሁኝ ቁጥር ሂሳቡ አይወጣም። 15 ትርፍ የታያችሁ ከ100 ላይ ሁለት ነገር ብቻ ስለቀነሳችሁ ነው። የሚቀነሰው ቢያንስ ስምንት ነው። እስቲ አብረን እንቁጠረው።

መግዣው 70። ስም ሲዛወር ወጪ አለ፤ ግብሩ፣ የውሉ ክፍያ፣ የባለሙያ ምርመራው። ከአገር አገር ይለያያል፣ ለምሳሌ 4 እንበለው። እድሳቱ 15። ግንበኛው 15 ያለው በዓይኑ ላየው ነው። ግድግዳ ካልተፈለፈለ፣ ኮርኒስ ካልወረደ የማይታይ ጉድ ስላለ የእድሳቱን 20 በመቶ ለመጠባበቂያ ያዙ፤ 3 ይሆናል። 35 ተበድራችሁ በዓመት 12 በመቶ ወለድ ብትከፍሉ፣ እድሳቱና ሽያጩ ተደምሮ ስምንት ወር ቢወስድ፣ ወለዱ 2.8 ነው። 3 በሉት። በእነዚህ ወራት ጥበቃ፣ መድን፣ ውሃና መብራት፣ የንብረት ግብር አለ፤ 1። ስትሸጡ ኮሚሽንና ሌላ የሽያጭ ወጪ፤ 4። በመጨረሻም ገዢው ይከራከራችኋል። 100 ብላችሁ ያወጣችሁት ቤት በ97 ከሄደ ደግ ነው፤ 3።

ደምሩት። 103 ይመጣል። 100 በሚያወጣ ቤት ላይ 3 ኪሳራ ማለት ነው፤ ያውም ምንም ሳይበላሽ። የወለዱንና የግብሩን መጠን በእናንተ አካባቢ ባለው ተኩት። ውጤቱ ትንሽ ይቀያየራል እንጂ 15 ትርፍ ተመልሶ አይመጣም።

በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች አንዲት ፈጣን ስሌት አለቻቸው። የ70 በመቶ ሕግ ይሏታል። ቤቱ ታድሶ የሚሸጥበትን ዋጋ ወስደህ 70 በመቶውን አስላ፣ ከዚያ ላይ የእድሳቱን ወጪ ቀንስ፣ ከቀረው በላይ አትክፈል ነው ነገሩ። ለእናንተ 70 ሲቀነስ 15፣ 55 ይሆናል። በ55 ብትገዙ፣ ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ተከፍሎ 12 ገደማ ይተርፋል። ስሌቷ ወንፊት እንጂ ሕገ መንግሥት አይደለችም። ቤት ቶሎ በሚሸጥበት ቦታ 75 ድረስ የሚሄዱ አሉ። ገበያው በቀዘቀዘበት ቦታ 70ውም ይበዛል። ግን ባለቤቱ የጠየቀው ከስሌቷ በ15 ሲርቅ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

እስካሁን 100ውን እውነት ነው ብለን ነው የሄድነው። ማነው 100 ያለው? ደላላው። ደላላ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም፤ ጥሩ ደላላ በዚህ ሥራ ወርቅ ነው። ግን የሚከፈለው ግዢው ሲፈጸም ነው፤ እናንተ ብትከስሩ ኮሚሽኑ አይቀንስበትም። ስለዚህ 100ውን ራሳችሁ አጣሩ። በዚያው ሰፈር፣ ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ፣ ታድሰው የተሸጡ ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ተመሳሳይ ቤቶች ፈልጉ። የተሸጡ ነው ያልኩት። ማስታወቂያ ላይ ያለ ዋጋ የባለቤቱ ምኞት ነው። ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ላይ የቆየ ቤት እንዲያውም ያ ዋጋ እንደማያስሸጥ ማስረጃ ነው። ስፋቱን፣ የመኝታ ክፍሉን ብዛት፣ መኪና መግባት አለመግባቱን አነጻጽሩ። ከዚያ ዝቅተኛውን ዋጋ ያዙ እንጂ አማካዩን አትያዙ። አማካዩን ይዞ የገባ ሰው ገበያው ትንሽ ሲንሸራተት መውጫ የለውም።

ዋጋ መገመት ለባለሙያም ከባድ ነው። ዚሎው የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የታወቀው የቤት ዋጋ በኮምፒዩተር እየገመተ በማሳየት ነው። ከዚያ ራሱ ቤት እየገዛ፣ እየጠጋገነ መሸጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 የእድሳት ሥራው ተደራርቦበት አዲስ ግዢ አቆመ። በኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ጭራሽ ሥራውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከሚሸጡበት በላይ በገዛቸው ቤቶች ሰበብ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ መዘገበ፣ ከሠራተኞቹም ሩብ ያህሉን እንደሚያሰናብት ተናገረ። መረጃ አልቸገረውም ነበር። ያጎበጡት እናንተንም የሚጠብቋችሁ ሁለቱ ናቸው፤ የተጋነነ የመሸጫ ግምትና የሚጓተት እድሳት።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። ከጻፋችሁልኝ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ «በልስን ይሸፈናል» የሚለው ነው።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ልስኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ወዲያ ወዲህ የተበታተነ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ሲሚንቶው ሲደርቅ የሚፈጠር ነው። እሱ እውነትም ይሸፈናል። ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቆም በሉ። ከበር ወይም ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ብሎኬቱን ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚሄድ፣ አንደኛው ጫፉ ሰፍቶ ሌላኛው የሚጠብ ከሆነ መሠረቱ በአንድ በኩል እየሰጠመ ሊሆን ይችላል። አፈር ደግፎ የያዘ ግድግዳ ላይ አግድም የሄደ ስንጥቅ ደግሞ የባሰ ነው። ከጀርባው አፈርና ውሃ እየገፋው ነው ማለት ነው።

ዋናው ጥያቄ ስንጥቁ አሁንም እየሰፋ ነው ወይስ ድሮ ተከስቶ ቆሟል የሚለው ነው። ለዚህ የቆየ ዘዴ አለ። ስንጥቁ ላይ ጀሶ ትለጥፉና ቀን ትጽፉበታላችሁ፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ይሰበራል። ችግሩ ወራት ይፈልጋል። አንዳንድ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በደረቅ ወቅት የቆመ የመሰለ ስንጥቅ ክረምት ሲገባ ይነቃል። ሻጩ ይህን ያህል አይጠብቃችሁም። ስለዚህ የመዋቅር መሐንዲስ ይዛችሁ ሂዱ። ግንበኛ አይደለም፣ ኮንትራክተርም አይደለም። እነሱ ሥራውን ማግኘት ይፈልጋሉ፤ መሐንዲሱ የሚሸጥላችሁ አስተያየቱን ብቻ ነው። ክፍያው ከአጠቃላይ ሂሳቡ ኢምንት ነው። እሱ እስኪመጣ በሮቹን ክፈቱና ዝጉ። የሚጎተት፣ የማይገጥም በር ካለ፣ ከበሩ በላይ ያለው ክፍተት በአንድ ጎን ሰፍቶ በሌላ ጎን ከጠበበ፣ ውሃ ልክ ወለሉ ላይ ስታስቀምጡ ወደ ስንጥቁ በኩል ካዘነበለ፣ መዝግቡት።

አንድ ደስ የሚል ነገርም አለ። መሠረት የሚሰጥመው ብዙ ጊዜ በውሃ ነው። የተሰበረ አሸንዳ ዓመታት ሙሉ አንድ ጥግ ላይ ሲያፈስ ኖሮ ይሆናል። ወይም መሬት ውስጥ የፈነዳ ፍሳሽ አለ። የውሃውን መንገድ ማስተካከል ርካሽ ነው፤ መሠረት ከሥር ማጠናከር ግን ትርፋችሁን ጠራርጎ ይወስዳል። በዚህ ሥራ ጥሩ ገንዘብ ያለው ሌላው ገዢ ፈርቶ የሸሸው፣ መንስኤው ግን በርካሽ የሚታረም ቤት ላይ ነው። ለዚህም ነው መሐንዲሱን «ይጠገናል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ምን አመጣው?» ብላችሁ የምትጠይቁት።

እርጥበቱም እንደዚያው ነው። ከየት መጣ? ከመሬት የሚወጣ ከሆነ ከታች ጀምሮ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ነጭ ጨው መሳይ ዱቄት ይተዋል። ከጣሪያ ከሆነ ጠርዙ ቡናማ የሆነ እድፍ ይታያል፣ ዝናብ ሲጥል ይብሳል። ከቧንቧ ከሆነ በጋ ክረምት አይልም። ለዚህ ቀላል ፈተና አለ፤ ቤት ውስጥ ያለውን ውሃ ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን ተመልከቱ። ከዞረ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ከቁም ሳጥን ጀርባና ከክፍል ጥግ ላይ ብቻ ጥቁር ሻጋታ ካያችሁ አየር ስለማይዘዋወር የክፍሉ እንፋሎት ግድግዳው ላይ እየቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል። ካልለየላችሁ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉና ለአንድ ቀን ተዉት። ውሃው በላስቲኩ የውስጥ ፊት፣ ማለትም በግድግዳው በኩል ካቆረ ከግድግዳው የመጣ ነው። በውጭው ፊት ከሆነ ከክፍሉ አየር ነው።

ይህን ሁሉ ትቶ በልስንና በቀለም የሸፈነ ሰው በወራት ውስጥ ቀለሙ ሲያብጥ ያየዋል። ያኔ ቤቱ ገና ካልተሸጠ በራሱ ላይ ነው። ከተሸጠ ደግሞ ይብሳል፤ በብዙ አገሮች እያወቀ ጉድለት የደበቀ ሻጭ በሕግ ይጠየቃል። እናንተም ስትገዙ በዚሁ ዓይን እዩ። ቤቱ ሁሉ አርጅቶ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ያንን ጥግ ጠርጥሩ።

የቀረውን ምርመራ በአጭሩ ልለፈው። ቧንቧዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ክፈቱ። ውሃው ከቀጠነ ወይም ዝገት ካመጣ፣ መስመሩ ከውስጥ የዛገ የድሮ ብረት ቧንቧ ሊሆን ስለሚችል ሙሉ ለሙሉ እንደሚቀየር አስቡ። ኤሌትሪሺያን የብሬከሩን ሳጥን ከፍቶ ሽቦው ምን እንደሆነና የመሬት መስመር መኖሩን ይይ። የድሮ ቤቶች ላይ የጣሪያ ክዳኑ ወይም የፍሳሽ ቱቦው አስቤስቶስ ያለበት ሊሆን ይችላል። ሳይሰበር ሲቀመጥ አደጋው ዝቅተኛ ነው፤ ሲቆረጥና ሲበሳ የሚበነው ብናኝ ግን የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ማንሳቱ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ዋጋውም የተለየ ነው። ከተቻለ ደግሞ ቤቱን ዝናብ ሲዘንብ እዩት።

ሰነዱን ጠበቃ ይመርምረው። ባለቤቱ ማነው? ባል ወይም ሚስት፣ ወራሾች ካሉ ሁሉም ይፈርማሉ? ባንክ ይዞታል? እገዳ አለበት? ጓሮው ላይ የተጨመረችው ክፍል ፈቃድ አላት? ተከራይ ካለ መቼ ይለቃል? አንዱ እንኳ ካልጠራ ስለ ወጥ ቤት ሴራሚክ የምናወራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ገንዘቡን ምኑ ላይ እናውለው ላላችሁት፣ መጀመሪያ ጣሪያውን ተመልከቱ። የመሸጫችሁን ጣሪያ ማለቴ ነው። በአንድ ሰፈር የታደሱ ቤቶች ከአንድ ዋጋ በላይ አይሄዱም። እናንተ እብነ በረድ ብታነጥፉም ገዢው የሰፈሩን ዋጋ ነው የሚከፍላችሁ። ከሰፈሩ ሁሉ ያማረ ቤት መሥራት ልብ ይሞላል፣ ኪስ ግን ያደርቃል።

ስለዚህ ቅድሚያ የማይታየው ይሠራ፤ ጣሪያ፣ ፍሳሽ፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ። ገዢው ለእነዚህ ተጨማሪ አይከፍልም፤ ካልተሠሩ ግን ዋጋ ይሰብርበታል ወይም ጥሎ ይሄዳል። ቀጥሎ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት። ቀጥሎ ብርሃን፣ ሽታ፣ መግቢያው በርና ፊት ለፊቱ። ንጹሕ ቀለም ከወጪው አንጻር የሚያደርገው ለውጥ ይገርመኛል። የራሳችሁን ምርጫ ግን ቤታችሁ ተዉት። እናንተ የምትወዱት አረንጓዴ ግድግዳ ከአሥር ገዢ ዘጠኙን ሊያባርር ይችላል።

መጸዳጃውንና ወጥ ቤቱን ካሉበት አታንቀሳቅሱ፤ ግድ ካልሆነ በቀር። ፕላን ላይ በእርሳስ ማዞር ቀላል ነው። ፍሳሽ ግን ተዳፋት ይፈልጋል፤ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። መጸዳጃውን አራት ሜትር ብታርቁት ቱቦው ከ4 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ያ ማለት ወለል መስበር ነው። ፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ ከታች ያለው ሰው ኮርኒስ ውስጥ መግባት ነው።

ጊዜውን እንደ ዕቃ ዋጋ ያለው አድርጋችሁ ቁጠሩት። በእናንተ ሂሳብ አንድ ወር መዘግየት ግማሽ ነጥብ ያህል ይበላል። አራት ወር ብትዘገዩ 2 ሄደ፤ 12 ትርፍ ካላችሁ አንድ ስድስተኛው ማለት ነው። የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ የሰው ስንፍና ብቻ አይደለም፣ ሲሚንቶም የራሱ ጊዜ አለው። አርማታ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው። ወለል ላይ የሚፈስ የሲሚንቶ ሊሾ በጥሩ አየር በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርቃል። 4 ሳንቲ ሜትር ሊሾ 40 ቀን ይፈልጋል ማለት ነው። ሳይደርቅ እንጨት ወለል ከነጠፋችሁበት ይጣመማል። የሻወሩ ወለል ውሃ መከላከያ ከተቀባ በኋላ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ፍሳሹን ደፍናችሁ ውሃ ሙሉበትና አንድ ቀን ይቆይ። ከታች ካላረጠበ ቀጥሉ። ይህችን ፈተና «ጊዜ የለንም» ብሎ የሚዘል ሙያተኛ ካያችሁ አስቁሙት። መስኮት፣ በርና የወጥ ቤት ካቢኔት በትዕዛዝ የሚሠሩ ከሆነ ልኬቱ እንደተወሰነ ወዲያው እዘዙ። ቤቱ ሁሉ አልቆ በር እየጠበቀ ወለድ የሚቆጥር ሰው ብዙ ነው።

ከሠራተኛ ጋር በቀን ሳይሆን በቁርጥ ተዋዋሉ። ከዚያ በፊት ሥራውን በዝርዝር ጻፉት፤ ስንት ካሬ ልስን፣ ስንት ሶኬት፣ የትኛው ዓይነት ቧንቧ። ያንኑ ዝርዝር ለሦስት ኮንትራክተር ሰጥታችሁ ዋጋ ተቀበሉ። ዝርዝሩ አንድ ካልሆነ ሦስቱን ዋጋ ማወዳደር አይቻልም፤ ያ የግንበኛችሁ 15 ምን ምን እንደሚጨምር አሁን ማንም አያውቅም። ክፍያው ሥራ ባለቀ ቁጥር ይሁን። 10 በመቶውን የቀሩ ጥቃቅን ነገሮች ተስተካክለው እስኪያልቁ ያዙ። በመሃል የሚቀየር ነገር ካለ፣ ዋጋውና የሚጨምረው ቀን ተጽፎ ሳይፈረም አይጀመር። «እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን» የምትለዋ ናት መጨረሻ ላይ ጠብ የምታመጣው።

ብድሩን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ቤቱ በስምንት ወር ባይሸጥስ? ብታከራዩት ኪራዩ የወሩን ክፍያ ይሸፍናል? ካልሸፈነ ዓመት የሚያቆያችሁ ገንዘብ ከሌላ ቦታ መኖር አለበት። ቤቱ ላይ ያለውን ሁሉ አፍስሶ ባዶ እጁን የቀረ ሰው፣ መጀመሪያ የመጣ ገዢ የሰጠውን ይቀበላል።

ግብሩንም ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ብዙ ቦታ ቤት ቶሎ ገዝቶ ቶሎ የሚሸጥ ሰው ትርፍ እንደ ንግድ ገቢ ይታያል፤ ግብሩም ይከብዳል። ለምሳሌ ካናዳ ከጃንዋሪ 1፣ 2023 ጀምሮ ከ365 ቀን ባነሰ ጊዜ ተይዞ የተሸጠ መኖሪያ ቤት ትርፉ የንግድ ገቢ እንዲሆን ደንግጋለች፤ እንደ ሞትና ፍቺ ላሉ ምክንያቶች ካልሆነ በቀር። 12 ትርፍ ያልኳችሁ ከግብር በፊት ነው።

እንግዲህ መሐንዲሱን ቅጠሩ፣ የተሸጡትን ቤቶች ዋጋ ሰብስቡ፣ ከዚያ ለባለቤቱ ከ50 ጀምራችሁ እስከ 55 አቅርቡ። ሪፖርቱን አሳዩት፤ «ግድግዳው ይሄ አለበት» የሚለው ወረቀት ከማንኛውም ክርክር ይበልጥ ዋጋ ያወርዳል። ውሉ ላይ ምርመራው መጥፎ ከመጣ ቀብዱ ተመልሶላችሁ የምትወጡበት አንቀጽ ይግባ። በ60 እሺ ካለ 7 ይቀራችኋል፤ አንድ ያልታሰበ ነገር ይበላዋል፣ እኔ ብሆን አልገባበትም። መሐንዲሱ «መሠረቱ እየሄደ ነው» ካለ ደግሞ የጥገናው ዋጋ ተሰልቶ ከ55ቱም ላይ ይቀነሳል። ባለቤቱ በ70 ከጸና ስልካችሁን ስጡትና ሌላ ቤት እዩ። ቤቱ ሳይሸጥ ወራት ከቆየበት መልሶ የሚደውል ባለቤት አይጠፋም።